አባባ፣ የለቅሶዎ ድንኳን ዘሞ ነበር

ውድ አያቴ አባባ፣

ከተለዩን ሰባት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልዎት ከትምህርት ቤት መልስ፣ በረንዳው ላይ፣ ሬዲዮ የሚያዳምጡበት ወንበርዎ ላይ ተቀምጬ ነው። እማማ መጀመሪያ ማንም እንዳይቀመጥበት ከልክለው ነበር፤ ዶሮዎቹ ሲሰፍሩበት ጊዜ “ከዶሮ አንተ ትሻላለህ” አሉኝ።

ቤት ሁሉም ደህና ነው። እማዬ አሁንም በጠዋት ከዓለም ገና ታክሲ ይዛ አዲስ አበባ ሥራዋ ትሄዳለች። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ ፊዚክስ እንደተጣላኝ ነው። እህቴ ሐና ሦስተኛ ክፍል ነች፤ የማትጠይቀው ነገር የለም። ለመጻፍ የተነሳሁትም በእሷ ጥያቄ ነው። በለቅሶዎ በሦስተኛው ቀን አጠገቤ ተቀምጣ፣ “ሁሉም አልቅሷል። አንተ ብቻ አላለቀስክም። አባባን አትወዳቸውም ነበር?” አለችኝ። ጥያቄው ሰባት ወር ሙሉ አብሮኝ ከረመ።

የሆነውን ልንገርዎት። የለቅሶዎ ድንኳን ዘሞ ነበር። አይሳቁ! የዕድሩን ድንኳን ሠላሳ ዓመት ሲተክሉና ሲነቅሉ የኖሩት አንቱ ነዎት፤ አንቱ ሲሞቱ ማን ይትከለው? ጎረምሶቹ አንቱ ቀይ የቀቡትን የመሐል ምሰሶ ከጎን፣ ሰማያዊውን የጎን ምሰሶ ከመሐል አቆሙት። ጣራው ረገበ። እኔ ሐዘንተኛ ነኝና ነጠላ አዘቅዝቄ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ዓይኔ ግን ከአንድ ካስማ ላይ አልነሳ አለ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ከጭቃው ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል። አላስቻለኝም። ነጠላዬን ለሐና ሰጥቼ ወጣሁና በድንጋይ መታሁት።

አክስቴ “ኧረ በሕግ አምላክ! ይሄን ልጅ ምን ነካው? የሞተው የጎረቤት ሰው ነው እንዴ?” ብላ ጮኸች። የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ገመቹ ክንዴን ይዘው፣ “ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ሐዘንተኛ ካስማ አይመታም። ግባና አልቅስ” አሉኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ፊታቸውን ሲያዞሩ ወጥቼ ሌላውን መታሁ።

ለቅሶው ላይ ስለ ጀግንነትዎ ብዙ ተወራ። እኔ ግን ከአንቱ አፍ የጦርነት ወሬ ሰምቼ አላውቅም። መናገሻ አጠገብ ከገበሬ ቤት ወጥተው ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመትዎ ወታደር እንደሆኑ፣ በምሥራቅም በሰሜንም አሥራ ሰባት ዓመት ቆይተው አሥር አለቃ እንደሆኑ አውቃለሁ። የሚያወሩኝ ግን ስለ ድንኳን ነበር። በረሃ ላይ ነፋስ የአዛዡን ድንኳን ነጥቆ ሲሄድ መቶ አለቃውም ተራ ወታደሩም እኩል እየሮጡ አባረሩት። “ያን ቀን ማዕረግ የነበረው ድንኳኑ ብቻ ነው፤ ሁላችንንም አሯሯጠን” ይሉ ነበር። ጦሩ ሲበተን ደግሞ በእግርዎ ሰበታ ገቡ። በሩ ላይ ቆመው “መጣሁ” አሉ። እማማም “እግርህን ታጠብ” አሉ። በቃ። ከዚያ የክር ፋብሪካ ዘበኛ ሆነው አምስት ልጅ አሳደጉ። አባታችን ትቶን ሲሄድ እኔንና ሐናን ጨመሩበት፤ አንድ ቀንም በዛችሁብኝ አላሉንም።

ሌላው ሰው ከተማን በገበያው ወይም በዘመዱ ያውቀዋል፤ አንቱ በካስማ ነበር የሚያውቁት። “ሱሉልታ ነፋሱ ከጎን ይመታል፣ በሩን አዙር። ቡራዩ ተዳፋት ነው፣ የታችኛውን ምሰሶ አስረዝም። ሰበታ ጭቃ ነው፣ ካስማውን አጋድመህ ምታ።” የእማማ ወንድም ሱሉልታ ያረፉ ጊዜ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የራስዎን ገመድ ጭንዎ ላይ ጠቅልለው ተቀምጠው ሳለ ረዳቱ “ፋዘር፣ በሬ ሊገዙ ነው?” አለዎት። “የለም፣ ነፋስ ላስር ነው” አሉት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ለቅሶ እየሄድን እኔም ሳቅሁ።

ከሁለት ወር በፊት የዕድሩ ስብሰባ ላይ ኦቦ ገመቹ፣ “አሮጌውን ድንኳን እንሽጠውና የብረቱን እንከራይ። ከአሥር አለቃ በኋላ የሚያውቀው የለም” አሉ። እማማ በራሳቸው ፈንታ ልከውኝ ነበርና እጄን አወጣሁ። “እኔ አውቃለሁ።” ሳቁብኝ። “አንተ ተማሪ ነህ። ሰው ሲሞት ፈተና ላይ ብትሆንስ?” ሲሉኝ አንዱ ከኋላ “ሟቹ ይጠብቀዋላ!” አለ። በመጨረሻ አንድ ጊዜ እንድሞክር፣ ከዘመመ ግን ድንኳኑ እንዲሸጥ ተስማሙ።

ያለፈው ቅዳሜ ጡሩንባ ተነፋ። ሐዘንተኞቹ ከኋላችን የተከራዩት፣ ከወላይታ መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩት ባልና ሚስት ናቸው፤ የሚስትየዋ እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው እዚሁ አረፉ። ጎረምሶቹ “እሺ፣ ምክትል አሥር አለቃ!” እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀዩን ምሰሶ ከመሐል አስቆምኩ። “ገመዱን አትነቀው፣ ያዘው ብቻ!” ብዬ ስጮህ ቀልዱ ቆመ። የማን አባባል እንደሆነ ሁሉም ያውቁታል።

ከምሳ በኋላ ከወጨጫ ተራራ በኩል ዝናብ መጣ። ከባድ ዝናብ። ኦቦ ገመቹ ጣራውን በእጃቸው እየዳሰሱ ከጥግ እስከ ጥግ ዞሩ። ውስጥ ሚስትየዋ በወላይትኛ እናቷን እየጠራች ታለቅሳለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከቧት ተቀምጧል። ከኦቦ ገመቹ በቀር አንድም ሰው ቀና ብሎ ጣራውን አላየም። ሲጨርሱ መጥተው አጠገቤ ቆሙና፣ “ድንኳኑ አይሸጥም። ፈተና ሲኖርብህ ግን ቀደም ብለህ ንገረን” አሉኝ።

ሐና ገመድ ስታቀብለኝ ውላ ጭቃ በጭቃ ሆናለች። ያን ጊዜ የቆየ ጥያቄዋን መለስኩላት። “አባባን እወዳቸዋለሁ። ያላለቀስኩት ያን ቀን ላደርግላቸው የቀረኝ ነገር ካስማ መምታት ብቻ ስለነበር ነው” አልኳት። የያዘችውን ገመድ ጠቀለለች። ከዚያ “እንግዲያው እኔንም አስተምረኝ” አለችኝ።

ቅዳሜ እንጀምራለን። መዶሻው ስለሚከብዳት በድንጋይ ይሆናል። እያንዳንዷን ነገር “አባባ እንዲህ ይሉ ነበር” እያልኩ አሳያታለሁ። ይህን ሳልል ያሳየኋት ቀን እንደረሳሁዎት ይቁጠሩት፤ ግን አልረሳም፣ አባባ።

የልጅ ልጅዎ