ብሎኔ ሰው ፊት የቆመች ቀን

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን ያለ ዱላ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አሁንም ግድግዳውን እየተደገፍሽ ነው? መድኃኒትሽን በሰዓቱ እንደምትወስጂ እህቴ ነግራኛለች። አንቺ ራስሽ ብትነግሪኝ ኖሮ አላምንም ነበር። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው፤ ዝናቡ የሰው ጣሪያ ስላበላሸ የጣሪያ ምስማር በደንብ ይሸጣል።

ባለፈው በስልክ «ልጅቷን ሰው ፊት አታቁማት፤ መሳቂያ ታደርጋታለህ» ብለሽ ተቆጥተሽኝ ነበር። ስለዚህ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ።

ልጄን አሁን ሰፈሩ ሁሉ ብሎኔ ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቻችን ናቸው፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ አንዴ ከያዘች የማትለቅ ናት ይላሉ። ሐኪም ጆሮዋን መርምሮ ደህና ነው ብሏል። ጭንቅላቷም ደህና ነው፤ የትኛው ዕቃ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ከእኔ ቀድማ ታገኛለች። የትምህርት ቤቱ የንግግር ባለሙያ እንዳስረዳችን ችግሩ ቋንቋው ላይ ነው። የምታውቀው ቃል ሲፈለግ ይጠፋባታል። የጀመረችው ነገር መሃል ላይ ይበጠስባታል። ረጅም ነገር ካዘዝናት የመጀመሪያውን ይዛ የቀረውን ትጥላለች። ስንፍና አይደለም፣ እልህም አይደለም፤ አንቺ እንደምትዪው ሁለት ቋንቋ ስላደባለቅንባትም አይደለም። በየክፍሉ እንዲህ ያለ ልጅ አንድም ሁለትም አይጠፋም አለችን። ብቻ ሰው አያውቃቸውም። «ዝምተኛ ነው»፣ «ልቡ እዚህ የለም» እየተባሉ ያድጋሉ።

ባለሙያዋ ወላጆችን ስብሰባ የጠራችው ይህንኑ ለማሳወቅ ነው። ከልጆቹ መሃል ስለ ራሱ የሚናገር እንዳለ ስትጠይቅ ብሎኔ እጇን አወጣች። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ከተወች ስንት ጊዜዋ! ሚስቴ በደስታ ዘለለች፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ያን ቀን ቢሳቅባት ዳግመኛ ሰው ፊት አፏን አትከፍትም። ልከለክላት ስል «አባዬ፣ የምናገረው… እኔ ነኝ» አለችኝ። ተውኳት።

ስብሰባው የተማሪዎቹ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ያ ሁሉ ትልቅ ሰው የልጅ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ብሎኔ ወጣችና ከኪሷ አንድ ብረት አውጥታ ከፍ አደረገች። ከእኛው ሱቅ ያመጣችው የበር ማጠፊያ ነው። «ይሄ… ስሙ ማነው?» አለች።

አንዷ እናት «የበር… ያ የበሩ ነገር» አለች። አንድ ግዙፍ የአውቶቡስ ሹፌር «አውቀዋለሁ እኮ!» እያለ መዳፉን እንደ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ርዕሰ መምህሩ «መቀርቀሪያ» አሉና ራሳቸው ሳቁ። አናጢ የሆነ አባት እጁን ሊያነሳ ሲል ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ብሎኔ ጠበቀች። ከዚያ «ታውቁታላችሁ። ስሙ ግን… እምቢ አለ። እኔ… ሁልጊዜ እንደዚህ» አለች። ፊት የተቀመጡ ደግ ሴትዮ ሊያግዟት ብለው «ቃሉ ሲጠፋሽ ትጨነቂያለሽ፣ አይደል የኔ ቆንጆ?» አሏት። ብሎኔ እንደ ትራፊክ ፖሊስ መዳፏን ዘረጋችባቸው፤ «ቆዩ! አልጨረስኩም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አዎ እማዬ፣ ተሳቀ፤ በእሷ ግን አይደለም። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት እሷና ሴትዮዋ ናቸው። ሳቁ ሲበርድ «አትጨርሱልኝ። ጠብቁኝ። ይመጣል» ብላ ጨረሰች።

ቅዳሜ ያ ሹፌር ልጁን ይዞ ሱቅ መጣ። አምፖል ገዛና ቆሞ ቀረ። ቆይቶ ጎንበስ ብሎ «የኔም አንድ ነገር ሳዝዘው ሁልጊዜ ‹ምን?› ይላል። የሚያላግጥብኝ እየመሰለኝ…» አለ። የባለሙያዋን ስልክ ሰጠሁት። ቀና ስንል ልጆቹ አጠገባችን የሉም። ከመደርደሪያው ኋላ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ በእጁም በአፉም አንድ ነገር ሊነግራት ይታገላል፤ ብሎኔ እግሯን እያወዛወዘች ታዳምጠዋለች። ሹፌሩ «ና እንሂድ» ሊለው አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ልጁ ወሬውን እስኪጨርስ ሁለታችንም ንቅንቅ አላልንም።

እህቴን ሳሚልኝ፤ መድኃኒቱን መቁጠሯን እንዳትተው በያት። ለባሏ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የላከው ፎቶ ላይ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ደርሶናል። መንትዮቹን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ጋሼንም ጤናቸውን ጠይቂልኝ። ሚስቴ እጅ ነስታለች።

ብሎኔ ደግሞ ሰላምታዋን በስልክ ራሷ ታቀርባለች። አንድ ጥያቄ ጠይቂያትና ዝም በይ። «አለሽ? ተቋረጠ እንዴ?» አትበይ። አልተቋረጠም። የምትነግርሽ ብዙ ነገር አላት።

ልጅሽ

ከሱቃችን፣ ጥቅምት 9 ቀን