ስለ ዳንሰኛ ራኬብ ሰብስቤ ዕረፍት እና ስለ ጥላቸው

የእርምጃ ዳንስና አኒሜሽን ማኅበር መሥራች የነበሩት ዳንሰኛ ራኬብ ሰብስቤ፣ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሠላሳ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። ማኅበራችን በእጅጉ አዝኗል። በጥላቸው ላይ የሆነውንም ለአባላትና ለአካባቢው ሕዝብ ማስረዳት ይገባዋል።

ራኬብ በአዲስ አበባ፣ ሳንሱሲ በተባለው ሰፈር ተወልደው አደጉ። በ2009 ዓ.ም. ከአኒሜሽን ባለሙያው ከአቶ ኢዮስያስ ማኑሄ ጋር ሆነው ማኅበሩን በኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ መሠረቱ።

በ2012 ዓ.ም. «ክረምት» የተባለውን ዳንስ በአሥራ አራት የዝናብ ጥላ አዘጋጅተው ቤቴል ሰፈር አሳዩ። ጥላዎቹ ዛሬም በዕቃ ክፍላችን አሉ።

በ2015 ዓ.ም. በእጅና በእግራቸው ላይ ሴንሰር አስረው እንቅስቃሴያቸው በኮምፒዩተር እንዲመዘገብ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ በብርሃን የተሳለ ሰው በስክሪን ላይ አብሯቸው ይደንስ ነበር። እጃቸውን ሲያነሱ ያነሳል፤ ተመልካች ወደ መድረኩ ሲጠጋ ዞር ብሎ ይቀበለዋል። ሁለቱ መሥራቾች ይህን ምስል «ጥላ» ይሉት ነበር። ራኬብ ለዚህ ሲሉ ሁለት ዓመት ሌላ ሥራ አልያዙም።

በሚያዝያ 2017፣ ራኬብ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ አቶ ኢዮስያስ «ማኅበሩ ጥላዎቹን በሙሉ አስረክቧል» የሚል ደብዳቤ አምጥተው አስፈረሙ። የዕቃ ክፍላችን የዝናብ ጥላዎቹ መስለውት ፈረመ። አሥራ አራቱንም ወልውለን በር ላይ አስቀምጠን ጠበቅን። መጥተው አልወሰዱም።

ሰኔ 21 ቀን ጥላው ያለ ራኬብ በአንድ አዳራሽ ለሕዝብ ቀረበ። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «የኢዮስያስ ማኑሄ ፈጠራ» ተብሏል፤ የራኬብ ስም የለም። ማኅበሩ ሲጠይቃቸው «ጥላውን እኮ ፈርማችሁ ሰጥታችሁኛል» ብለዋል።

ጥላው ግራ እግሩን ከማሳረፉ በፊት ጥቂት ይዘገያል። ይህ የኮምፒዩተር ስህተት አይደለም። ራኬብ በሰባት ዓመታቸው ግራ ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ በወጌሻ ታሽቶ ነው የዳነው፤ ከዚያ ጀምሮ አረጋገጣቸው እንዲህ ነበር። ስማቸው ከወረቀቱ ቢወጣም እግራቸው ከጥላው አልወጣም።

ማኅበሩ ምን ዓይነት ጥላ እንደሆነ ሳይጠይቅ በመፈረሙ ራኬብን በድሏል። ይቅርታ ሊጠይቅ የሚችለው ግን ከእንግዲህ ቤተሰባቸውን ብቻ ነው። ለአባታቸው ለአቶ ሰብስቤ፣ ለእህታቸው ለርሆቦት፣ ለተማሪዎቻቸውና አብረዋቸው ለደነሱ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል።

አቶ ኢዮስያስም ለስምንት ዓመት የሥራ ባልደረባቸው ነበሩና ለእሳቸውም መጽናናትን እንመኛለን። እስከ ዛሬ ለቅሶ አልደረሱም። የራኬብን ስም በጥላው ላይ ጽፈው ይምጡ። ሳይጽፉ ግን አይምጡብን።

ስለ ማኅበሩ፣
ዘነበወርቅ ያደሳ
የዕቃ ክፍል ኃላፊ፣ የራኬብ እናት
ኮልፌ ቀራንዮ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.