ማምባውን ማን ያውጣው

ካምፓላ፣ ማክሰኞ፣ ማርች 9 ቀን 1948

ለውድ አክስቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? የሙዝ ተክሉስ ከንፋሱ ተረፈ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ከየት እንደምጀምረው አላውቅም።

እዚህ ኮሌጅ ስቀጠር ናሙቢሩ ነኝ አላልኩም። ናካሱጃ ነኝ አልኩ፤ የጉሬዛ ጎሳ ስም ሰጠሁ። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሥራ ፈላጊዎች ሲያወሩ ሥራው ማምባ ዓሣ መጠበቅ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ትክክለኛ ስሜን ብናገር፣ ይህን ዓሣ መግደልም መብላትም የማይፈቀድለት የማምባ ጎሳ ልጅ መሆኔን ወዲያው አውቀው ይመልሱኛል። ትምህርቴን አቋርጬ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ የተከፈተልኝ በር ይኸው ብቻ ነበር። መጠበቅ መግደል አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

የእንስሳት ጥናት ክፍል ይበሉት እንጂ የድሮ የአናጺዎች ቤት ነው፤ የመጋዝ ብናኝ እስካሁን ከጣሪያው ይረግፋል። ለአሥራ አንድ ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ነው ያለው። አንዱ ዓይኑን ተክሎ ሲቆይ ከኋላው ያሉት "ወንድሜ፣ እዚያው ልታድር ነው?" ይሉታል። ዓሣው የሚኖረው ከሆስፒታል በተጣለ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነው። ክፍሉን የሚያቋቁመው እንግሊዛዊ፣ ሚስተር ፔምብሪ፣ የጎደለውን ሁሉ በገዛ እጁ ይሠራል። እንደ ወጋችን ተንበርክኬ ሰላም ስለው ፊቱ ይቀላል፤ በቋንቋችን እየተኮላተፈ ተነሺ ይለኛል። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ሲወጡ ከገንዳው አንድ ጠብታ ውሃ ወስዶ በማይክሮስኮፑ አሳየኝ። አክስቴ፣ ውስጡ ይርመሰመሳል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ መሥራት የምችል አይመስለኝም።

ከአምስቱ ማምባዎች አራቱ እኔ ሳልመጣ ሞተዋል። የቀረው በእኔ እጅ ወፍሯል፤ አየር ሊስብ ብቅ ሲል ድምፁን ከጓሮ ሆኜ እለየዋለሁ። የክፍሉ ሠራተኛ፣ ሳሎንጎ የምንላቸው የመንታ አባት፣ ጣታቸውን ስለነከሳቸው አይቀርቡትም። ባለፈው ሳምንት በሁለት እጄ ሳወጣው አይተው "አንቺ ልጅ፣ ዘመድሽ ነው እንዴ?" አሉኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓሣውን ግን ቶሎ ወደ ገንዳው መለስኩት።

ዛሬ ጠዋት ሚስተር ፔምብሪ ጠራኝ። ነገ ከለንደን ሦስት ሰዎች ይመጣሉ፤ እዚህ ዲግሪ ይሰጥ አይሰጥ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የምናሳያቸው መሣሪያ የለንም። ሳንባ ያለው ዓሣ ግን አለን፣ በእነሱ አገር የለም። እፊታቸው ሆዱ ተቀዶ ይከፈታል።

"ናካሱጃ፣ የምታወጪው አንቺ ነሽ። በመድኃኒት እስኪደነዝዝም አንቺ ትይዢዋለሽ" አለኝ።

እሺ አልኩ። እምቢ ብል እንግዶቹ ባዶ ጠረጴዛ የከበቡ ልጆች አይተው ይመለሳሉ። ብይዘው ደግሞ የወገኔን ሥጋ አሳልፌ የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳሎንጎን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሕጋችን ሌላውን ሰው አይከለክልም፣ የእኛን እጅና አፍ ብቻ ነው የሚከለክለው፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ቤት በከረምኩ ጊዜ፣ ባለቤትዎ ማምባ ያመጡ ዕለት፣ ሳህኖቹን ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። ዓሣ የተበላበት ሳህን የእሳቸው አንድ ብቻ መሆን ነበረበት፤ እኔ ግን ሁለት አጠብኩ። ለአባቴ አልነገርኩም፣ አልነግርምም። ያነሳሁት ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። ይህን ነገር ከእርስዎ ሌላ የሚረዳኝ ሰው የለም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ የቤትዎን ሰላም ይጠብቅልዎት።

ነገ እንግዶቹ ሳይደርሱ ሚስተር ፔምብሪ ዘንድ ሄጄ ናሙቢሩ ነኝ እለዋለሁ፤ መዝገቡ ላይ ስሜን እንዲያስተካክል እጠይቀዋለሁ። ካላባረረኝ፣ ከእኛ ጎሳ ላልሆነ፣ ካሶዚ ለሚባል ተማሪ፣ ዓሣው በእርጥብ ጆንያ ከጭንቅላቱ ኋላ እንዴት እንደሚያዝ አሳየዋለሁ። እኔ አልነካውም። ግን ከክፍሉ አልወጣም፤ ሲከፈትም ፊቴን አላዞርም። ሳንባውን ማየት እፈልጋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ