መምህር አያሌው ከማን ጋር ይጠጣሉ?

ሰኞ፣ ግንቦት 3፣ ከጠዋቱ 1፡30

የሰባተኛ ክፍል ፈተና እያረምሁ ነው። ቀዩ እስክሪብቶ አለቀ፤ በሰማያዊ ቀጠልሁ። ደብተሬ፣ ዛሬም ስለ መ/ር አያሌው ነው የምጽፍልህ። ለምክር ቤት ይወዳደራሉ። ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው። በከተማችን በመካነ ኢየሱስ ከእሳቸው የሚሻል አላውቅም ነበር።

ነበር። የሚካኤል ማኅበራቸው ውስጥ ቢያድግልኝን አስገብተዋል። ወንድሜን ታደለን በእርሻ ድንበር ጠብ የገደለውን። ታስሮ ከወጣ ዓመት አልሞላውም። አሁን በየወሩ ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ፤ ወንድም ይባባላሉ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ስለሆኑ ያለ እሳቸው ፈቃድ ማንም አይገባም።

ባልደረባዬ ሰናይት ምን አገባሽ አለችኝ። የምንመርጣቸው ውሃና መንገድ እንዲያመጡ ነው፤ ከማን ጋር እንደሚበሉ ልንቆጥር ነው ወይ? ተናደድሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 9፣ ከሰዓት

ተናገርሁ። አዳራሽ ውስጥ እጩዎች ከሕዝብ ሲተዋወቁ ተነሣሁ። "የታደለ ደም ሳይደርቅ ከገዳዩ ጋር እንዴት ጽዋ ይጠጣሉ?" አልኋቸው። መ/ር አያሌው እናቴን አዩ። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። "ልጄ፣ ይህን አልመልስልሽም" ብለው ተቀመጡ።

ሰው እየተነሣ ወጣ። ድምጻችንን አንሰጣቸውም ሲሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ለአንተ አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 10፣ ማለዳ

እናቴ ከትናንት ጀምራ ዘግታኝ ነበር። ዛሬ ገብስ እየለቀመች ተናገረች። ቢያድግልኝ ማኅበር እንዲገባ የለመነችው እሷ ናት። መ/ር አያሌው እግር ላይ ወድቃ።

የሟች አባቴ ቦታ በማኅበሩ ዛሬም የቤታችን ነው። ጽዋ የተጋሩ ቤቶች ደም አይፈላለጉም። ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን መሣሪያ እንዳያነሣ ብላ ነው። እሱ ጎንደር ግንባታ ላይ ይሠራል፤ ቀስ ብለው በሽማግሌ ሊነግሩት ነበር። የልጇን ደም ሸጠች እንዳትባል መ/ር አያሌውን በሚካኤል አስምላቸዋለች። እሳቸው ቃላቸውን ጠበቁ። እሷ ግን ሄዳ መጠጣት አቃታት። በር ድረስ እየደረሰች ትመለሳለች። ቦታችን ባዶ ነው።

"አንድ ወንድ ልጅ ነው የቀረኝ። እሱንም ልቅበር?" አለች።

ለብቻ ሄጄ ለምን እንዳስገቡት ብጠይቃቸው ምን ነበረበት? አፈር ልብላ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11፣ ከቀኑ 9፡00

ሙሉቀን ደወለ። ንግግሬን በስልክ ቀድተው ልከውለታል። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። ሴቲቱ እኅቴ ስትናገር እኔ ምን ሆኜ ዝም አልሁ አለኝ። የእናታችንን ነገር ነገርሁት። የመምህሩ ፈጠራ ነው ብሎ አቋረጠኝ። ነገ ማኅበሩ ማን ቤት እንደሆነ ጠየቀኝ። አላውቅም አልሁ።

ተራው የቢያድግልኝ ነው። ሙሉቀን ግን ከሌላ ሰው ይሰማል። ዛሬ ደብረ ታቦር አድሮ ነገ በመጀመሪያው መኪና እንደሚገባ ነግሮኛል። መሣሪያ ይዞ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 2፡00

ት/ቤት አልሄድሁም። መ/ር አያሌው ጋ ደወልሁ፤ ማኅበሩን በጠዋት እንዲጀምሩ ለመንኋቸው። ስለ እሑዱ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ነይ አሉኝ።

ቢያድግልኝ ቤት እሄዳለሁ። በአባቴ ቦታ እቀመጣለሁ። ካህኑ ባርከው ሲሰጡኝ እጠጣለሁ፤ ከዚያ ጽዋውን በእጄ ለእሱ አቀብለዋለሁ። የታደለን ፊት እያሰብሁ። ከዚያ በኋላ ሙሉቀን ቢመጣ እጁን የሚያነሣው ከቤታችን ጋር ጽዋ በጠጣ ሰው ላይ ነው። ይህን እንደማይደፍር እናቴ ትምላለች። እኔ እርግጠኛ አይደለሁም።

መ/ር አያሌው ከእንግዲህ አይመረጡም። እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው። እኔንም ከነፍሰ ገዳይ ጋር ትጠጣለች ይሉኛል። ይበሉ።

የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ገና ነው መሰለኝ፣ የደብረ ታቦሩ መኪና በዚህ ሰዓት አይገባም። ነጠላዬን ለብሼ ልሩጥ።