መጋረጃ ታወርዳለች ስለተባለችው ልጄ

ለክብርት የሕፃናት ማቆያው ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በልጄ ላይ የተላለፈው ውሳኔ እንዲነሣልኝ በትሕትና ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። የምጠይቀውም ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም፤ የሕፃናቱ ክፍል መጋረጃ ከነዘንጉ ሲወድቅ ድምፁ ቢሮዎ ድረስ ተሰምቶ ክፉኛ እንደደነገጡ ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ። እንኳን ማንም ላይ ሳይወድቅ ቀረ። እርስዎም፣ ሞግዚቶቹም፣ መጋረጃውም አሁን በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ልጄ፣ እርስዎ ዘንድ ያሳለፍነው የማለማመጃ ሳምንት ድካም ሳይቆጠር፣ ደህና ነን።

እኔ የድንቡሼ እናት ነኝ። ከብዙ ሕፃናት መካከል እንዳትጠፋብዎት፣ ድንቡሼ ማለት ያቺ ጉንጯ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባው፣ ገና በእግሯ ያልቆመች፣ በመዳህ ግን ማንም የማይደርስባት፣ እርስዎም በዓርቡ ውሳኔዎ «መጋረጃ የማውረድ ባሕርይ ይታይባታል» ብለው የገለጿት ልጅ ናት። በዚሁ ውሳኔ «ከእናቷ ለመለየት ዝግጁ ባለመሆኗ» ቦታዋ ለተከታዩ ተመዝጋቢ እንዲሰጥ አዝዘዋል። እኔ ደግሞ በመነጽር ቤት ሌንስ እየሞረድኩ የምተዳደር ሠራተኛ ነኝ። የወሊድ ፈቃዴም፣ በላዩ ላይ የለመንኩትም ሁሉ አልቆ፣ ሰኞ ጠዋት ከማሽኑ ፊት ካልተገኘሁ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው እንደሚቀመጥ አለቃዬ፣ እሱም እንደ እርስዎ ጨዋ ሰው ነውና፣ ፈገግ እያለ ነግሮኛል። እንግዲህ በአንድ ሰኞ እናትም ልጅም ቦታ ልናጣ ነው። መመሳሰላችን ደስ ባሰኘኝ ነበር፣ ነገሩ የኑሮ ጉዳይ ባይሆን።

ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን በቁጥር ከፍዬ አቅርቤዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መመሪያዎ ምስጋና አለኝ። ልጄን ላስመዘግብ በመጣሁ ጊዜ፣ አንዲት እናት ልጇን ለማቆያ ስታዘጋጅ ከሁሉ በላይ መልመድ ያለባት መሰወርን እንደሆነ አስረድተውናል። ሕፃኑ በመጫወቻ ሲዘናጋ እናት ሳትሰናበት፣ ዓይኑን ሳታይ፣ ድምፅ ሳታሰማ ከክፍሉ ውልቅ ትበል፤ ስንብት ለቅሶ ይጠራል፤ ይህንንም ከቤታችሁ ጀምራችሁ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተባብሮ ይለማመደው አሉን። እኔ ታዛዥ ሰው ነኝ። ተማሪ ሳለሁም የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ሄጄ አላውቅም፤ የእርስዎንም የቤት ሥራ አንድ ሳላስቀር ሠራሁ።

ችግሩ ቤታችን ነው። አንዱ ክፍል መኝታ፣ ሌላው ክፍል የቀረው ነገር ሁሉ ስለሆነ፣ እንደ እርስዎ ማቆያ ኮሪደር የለንም፤ አንዲት እናት የምትሰወርበት ብቸኛ ቦታ ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ነው። ስለዚህ ድንቡሼ በማንኪያና በባዶ ቆርቆሮ ስትጫወት እኔ በእግሬ ጣት እየተራመድኩ ከመጋረጃው ጀርባ እገባለሁ። የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ባለቤቴ ከመንገድ ሲመለስ፣ ልጁን ምንጣፍ ላይ ብቻዋን፣ ሚስቱን መስኮት ላይ ተለጥፋ አግኝቶ ምን ነካሽ ሊለኝ አፉን ሲከፍት በእጄ ዝም አሰኘሁት። የቤተሰብ ትብብር ግዴታ መሆኑን ካስረዳሁት በኋላ እሱም መሰወር ጀመረ፤ ሆዱ ከመጋረጃው እየተረፈ ግን ጥሩ ውጤት አላመጣም። እናቱም አንድ ቀን ሊጠይቁን መጥተው በሩን ገርበብ ብሎ ቢያገኙት ዘው ሲሉ፣ ሁለታችንም ከአንድ መጋረጃ ጀርባ ስንወጣ አዩን። ልጅ ከወለዳችሁም በኋላ አደብ አልገዛችሁም ብለው ገሥጸውን፣ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ፊታቸውን አዞሩብን። መመሪያው የእርስዎ መሆኑን ብነግራቸውም እስከ ዛሬ አላመኑኝም።

ሁለተኛ፤ ልጄ ያስተማሯትን በመማሯ ተቀጥታለች። ልምምዱ እየቆየ ሲሄድ ድንቡሼ ማልቀሷን ተወች። ማንኪያዋን ትጥልና በቀጥታ ወደ መጋረጃው ትድሃለች፤ ጫፉን ትገልጣለች፤ እኔን ታገኛለች፤ ከዚያ ስቅ እስኪላት ድረስ ትስቃለች። እኔም እሰይ፣ ተዘጋጀች ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ልጄ ከዚህ ሁሉ ሥልጠና የጨበጠችው ትምህርት፣ እናት የጠፋች እንደሆነ ከመጋረጃ ጀርባ ናት የሚለውን ነው።

በዚህ እውቀቷ ይዣት መጣሁ። በመመሪያው መሠረት፣ ያቺ ሳቂታ ሞግዚት መጫወቻ እያንኳኳች ስታዘናጋት እኔ ተሰወርኩ። የሌሎቹ ልጆች ለቅሶ ጣሪያ ሲነካ የኔዋ አላለቀሰችም። ሞግዚቷ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ድንቡሼ ዞር ብላ አጣችኝ፤ ፈገግ አለች፤ ወደ መጀመሪያው መጋረጃ ዳኸችና ገለጠችው። የለሁም። ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ አሁንም እየሳቀች ነው። ሞግዚቶቹም ይቺ ተንኮለኛ እያሉ አብረው ሳቁ። ሦስተኛውን ስትገልጥ ሳቋ ቆመ። መጨረሻ ላይ የቀረውን መጋረጃ በሁለት እጇ ጨብጣ ተንጠለጠለችበት፤ እርስዎን ያስደነገጠዎት ያ ነው። ዘንጉ አጠገቧ ሲወድቅ ዞራ እንኳ አላየችውም አለችኝ። ባዶውን መስኮት ነበር የምታየው። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ክብርት ሆይ፣ እዚህ ላይ ልቀልድ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ለእናቶች መቀመጫ ብለው ስላዘጋጁልን የሕፃናት ወንበር ነበር። ባለቤቴ ደብዳቤውን አንብቦ ይሄንን እንኳ ተይው ስላለኝ ትቼዋለሁ። ወገቤ ግን አልተወውም።

አራተኛ፤ ስለ ኮሪደሩ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ሁላችንም በውጭው ዓለም ሥራና ማዕረግ ያለን ሴቶች ነን፤ እዚያ ግን ልጆቹ እንዳያዩን ከመስኮቱ በታች አጎንብሰን፣ እንዳንስል እየተቆጡን፣ ሰርቀው እንደተደበቁ ሰዎች ነበር የዋልነው። ከውስጥ ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ሁላችንም የኔ ነው ብለን ብድግ ስንል ራስ ለራስ እንጋጫለን። አጠገቤ የነበረችው የሂሳብ አስተማሪ የልጇን ድምፅ ስትሰማ የገዛ ሻርፗን ነክሳ ነበር የምትታገሠው። በዚህ ሁኔታ የተዘጋጀነው ለምን እንደሆነ እስከ አሁን አልገባኝም፤ ለሥራ ግን አልነበረም።

በውሳኔዎ ድንቡሼ መለየት አልቻለችም ብለዋል። ይቅርታዎን እየለመንኩ ልቃወም፤ ልጄ ተለይታለች። እናቷ በሌለችበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ከመጋረጃ መጋረጃ ዞራለች። ያቃታት ወዴት እንደሄድኩ ማወቅ ነው። ያንን ደግሞ እንዳልነግራት የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት።

ትናንት፣ ካለ እርስዎ ፈቃድ፣ ቤቴ ውስጥ ሌላ ልምምድ አደረግን። ልጄን ስሜ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ እማዬ ትሄዳለች፣ እማዬ ትመጣለች አልኳትና በበሩ ወጣሁ። አዎ፣ አለቀሰች። እኔም ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ጎረቤታችን ማን ሞተ ብላ እየሮጠች ወጣች። አባቷ እንደነገረኝ ግን ድንቡሼ ጥቂት አልቅሳ ወደ ማንኪያዋ ተመለሰች፤ እየቆየችም በሩን፣ በሩን ብቻ ታይ ነበር። ስገባ በሩ ድረስ እየዳኸች መጥታ ጠበቀችኝ።

ስለዚህ ነገ ሰኞ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ ይዣት እመጣለሁ። በክፍሉ በር ላይ እሰናበታታለሁ፤ እያየችኝ እሄዳለሁ፤ ታለቅሳለች። እባክዎ በዚያች ሳቂታ ሞግዚት ጭን ላይ ታልቅስ። የወደቀውን መጋረጃ ባለቤቴ መሰርሰሪያውን ይዞ መጥቶ ይሰቅልልዎታል። ልጄን ከበር የሚመልሷት ከሆነ ግን፣ ሁሉንም እናቶች የሚያዝናናውን ይህን ደብዳቤ በማቆያው አጥር ላይ ለመለጠፍ እንዲፈቅዱልኝ ከወዲሁ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ባይፈቅዱም በአክብሮት እለጥፈዋለሁ።

ለእርስዎ ያለኝ ከበሬታ ከሰኞ በኋላም እንዲቀጥል አጥብቄ የምመኝ፣ ታዛዥነቴ ከትናንት ጀምሮ ጥቂት የቀነሰ፣

የድንቡሼ እናት

ግልባጭ፦
ለመነጽር ቤቱ አለቃዬ፣ ምናልባት ሰኞ ጥቂት ባረፍድ እንዲያውቁት
ለባለቤቴ እናት፣ ስለ መጋረጃው ነገር እውነቱን እንዲያምኑኝ

የተረሳ ነገር፦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ሁሉ በቃል ላስረዳዎት ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ አንድ ጊዜ አረፍ ይበሉ ብላ የልጆቹን ሥዕል ይቺ ዝሆን ናት፣ ይሄ ጀልባ ነው እያለች ስታሳየኝ፣ ቀና ብል እርስዎ በወጥ ቤቱ በር ወጥተው ሄደዋል። አዋቂ ሰው ነኝና አላለቀስኩም፤ ግን አሁን እዚሁ ነበሩ እኮ፣ ወዴት ሄዱ፣ ይመለሱ ይሆን እያልኩ ባዶ ወንበርዎን ሳይ ቆየሁ። ነገም ስመጣ መውጣት ካሰኘዎት፣ ልለምንዎት፣ ደህና ዋይ ብለውኝ ይውጡ። ትንሽ ባለቅስም እለምደዋለሁ።