የተዘረጋው እጅ

ላሊበላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

ይድረስ ለምናፍቅሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? የኢየሩሳሌም ብርድ፣ የሐኪም ቤቱ ድካም እንዴት ይዞሻል? እኛ የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ይመስገን፣ አለን። እናታችን ቆማ ትሄዳለች፣ ታስቀድሳለች፣ እኔንም እንደ ድሮው ትቆጣለች። ገብሱ ዘንድሮ እንደ ነገሩ ነው። ቡሬዋ ላም ወልዳለች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮዬ ጋለ። ስትቆጪ ቃል እንደማትመርጪ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃለሁ። የአሁኑ ቁጣሽ ግን ልክ ነው።

የምትሠሪበት ሐኪም ቤት ዶክተሩ መጽሔት ገልጦ «አገርሽ ይህ ነው?» አለሽ። አንቺም ስታዪ እናትሽ ናት፤ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ቀሚሷ ተቀዶ፣ እጇን ለልመና ዘርግታ። «መንኩሳ ነው ወይስ ታማ? ወይስ እውነት እህል አጥታችሁ ደብቃችሁኝ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያ ያላችሁ ያገር ልጆች ተቆጥታችሁ ለመጽሔቱ የተቃውሞ ደብዳቤ እያዘጋጃችሁ እንደሆነ፣ አንቺም «ይህች እናቴ ናት፤ ለምና አታውቅም» ብለሽ ስምሽን ልታኖሪ እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ምስክርነት ቶሎ እንድልክልሽ ጽፈሻል።

እህቴ፣ አልልክም። አንቺም ስምሽን አታኑሪ። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ከሰማሽ በኋላ ወንድሜ ማለት ቢያስጠላሽ አልቀየምሽም።

መጽሔቱ እኛም ዘንድ ደርሷል። ከአውሮፕላን የወረደ አንድ እንግዳ ሆቴል ትቶት ሄዶ ነው። ከተማው ታመሰ፤ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። እንግሊዝኛ አንባቢ ተብዬ ፊት የቆምኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ ከሥዕሉ ይብሳል። ዛሬ እዚህ የሚኖሩት ሰዎች አባቶች እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ሊፈለፍሉ አይችሉም፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሌላ ዘር ነው የሠራቸው ይላል። ድንጋይ ጠራቢው አድማሴ መሮውን ይዞ ብድግ አለና «ኧረ ማነው እሱ? ይምጣና እጄን ይይ!» ብሎ ጮኸ። ቄሶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከወልድያ የተመደበብን ካድሬ ኢምፔሪያሊዝም ይውደም አስባለ። ካድሬና ቄስ ባንድ ቃል ሲናገሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መጽሔቱ ከእጅ እጅ ሲዞር ግን፣ ሥዕሉ ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ሁሉም ያውቃታል። ፀጉሯን ለምን እንደተላጨችም ሁሉም ያውቃል። የማያውቀው ካድሬው ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቻችንን እግዜር ይስጣቸው፣ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። አልመነኮሰችም፣ እህቴ። አልታመመችምም። አልተራበችምም።

እኔም ሁሉን ስተረጉም አንዲት መስመር ዘልያለሁ። ከሥዕሉ ሥር «አስጎብኚያችን እንደነገረን ሴትዮዋ በረሃብ ላይ ናት» ይላል። አስጎብኚው እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ግንቦት ነው። በዚያ ወር በአንዳንድ ቤት ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር፤ ድንኳን አይተከል፣ ድምፅ አይሰማ፣ ጥቁር አይለበስ ተብሎ ነበር። እንግዶቹን ይዤ ከቤተ መድኃኔዓለም ስወጣ፣ ካድሬው ከጎኔ እንዳለ፣ እናታችን ከቅጽሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ነጭታዋለች። ቀሚሷን ከደረቷ ቀዳዋለች። ከቤት አትውጪ ብዬ ለምኛት ነበር፤ «ድምፄን ከከለከሉኝ ፊቴን እግዜር ይየው» ብላ ወጣች።

ፈረንጁ «ይህች ሴት ምን ሆና ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ብናገር ካድሬው «ለማን ነው?» ማለቱ አይቀርም። በዚያ ወር መራብ አያስጠይቅም፤ ማዘን ግን ያስጠይቅ ነበር። «ተርባ ነው» አልኩት። ካድሬው በአማርኛ ምን እንዳልኩ ጠየቀኝ። «ተርባለች አልኩት» አልኩ፣ እሷ እየሰማችኝ። «የፊውዳሉ ሥርዓት ውርስ ነው በለው» አለኝ። እሱንም አልኩ። እናቴ ናት አላልኩም።

ቀና ብላ አየችኝ። ቀጥላ ካድሬውን አየችው። በየወሩ የእመቤታችንን ዝክር የምታወጣው፣ ከጎረቤት ጨው መዋስ እንኳ የሚያሳፍራት እናታችን፣ ቀኝ እጇን ለፈረንጁ ዘረጋች። «ስለ ማርያም» አለች። ውሸቴን እውነት ልታደርግልኝ ነው የዘረጋችው። ካሜራውም የያዘው ያንን ነው። ፈረንጁ ብስኩት እጇ ላይ አኖረላት፤ አመሰገነችው።

ቤት ስገባ እግሯ ላይ ወደቅሁ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ተነስ ልጄ፤ አጠገቤ የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ» አለችኝ። ብስኩቱን ለውሻ አልሰጠችውም፣ አልበላችውምም፤ መሬት ቆፍራ ቀበረችው።

እንግዲህ አሁን አንቺ ስምሽን አኑረሽ እናቴ አልተራበችም ብትዪ፣ «ካልተራበች ለምን ተላጨች?» የሚል አንድ ሰው ይበቃል። ወሬው ዞሮ እዚሁ ይመለሳል። መጽሔቱን ይቅር በሉት ማለቴ አይደለም። ስለ አባቶቻችን የጻፈውን ማንም አልነገረውም፤ እኛን ሲያይ ከራሱ ያወጣው ነው። ስለ ሥዕሉም ቢሆን አንድ ቃል ሲሰማ ወዲያው ያመነኝ፣ ጥቁር ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ሲያይ ከረሃብ ሌላ ስለማይታየው ነው። አዝና ይሆን ብሎ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ስለ ድንጋዩ ጻፉ፣ ጩኹ፣ አዋርዷቸው። ስለ እናታችን ግን ዝም በይ። ለእኔ ብለሽ ሳይሆን ለእሷ።

ከፋለ ለምን እንደማይጽፍልሽ፣ ደሴ ትምህርቱን ጨርሶ እንደሆነ ጠይቀሻል። የታናሻችንን ነገር በወረቀት አልመልስልሽም። ወጋችንን ታውቂያለሽ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልሰደድኩትም። የሚሰጡሽ አባት ወደ ኢየሩሳሌሙ ገዳማችን የሚሻገሩ ያገራችን መነኩሴ ናቸው። ደብዳቤውን በሰጡሽ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ካገር ልጆች ጋር ሆነው ተመልሰው ይመጣሉ። አደራሽን፣ ጓደኛሽ አሰለች ይህን ባነበብሽበት ሌሊት አንቺ ዘንድ ትደር። በማግስቱም ወደ ሥራ አትሂጂ። በሩን ክፈቺላቸውና ተቀምጠው እስኪናገሩ ድረስ ምንም አትጠይቂያቸው።

እናታችን «የላስታ ታቦታት ሁሉ ይከተሏት፤ ልጅ ወልዳ ለመሳም ያብቃት» ብላሻለች። እኔ ለመመረቅ አፌ አይፈታልኝም፤ አንድ ቃል ብቻ አለኝ።

እግዜር ያጥናሽ።

አንድ ወንድምሽ