መቀናጆው እንዳይፈርስ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ ለአቶ ይኸነው፤

አባዬ፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሞ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? እማዬስ? ከብቱስ? የዘንገና ሰው ሁሉ ደኅና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም።

እዚህ ምን እንደምሠራ በጠየቁኝ ቁጥር አንደበቴ ይተሳሰራል። ዛሬ ልሞክር። የምመረምራት ጥፍር የምታክል ብረት ናት። ከየትኛውም ውርጭ በላይ ስናቀዘቅዛት ኤሌክትሪክ ምንም ሳይባክን ያልፍባታል። ምክንያቱም በውስጧ ያሉት ኤሌክትሮን የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች፣ አንዳንድ በሬ እንዳላቸው ገበሬዎች፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀናጃሉ። የእኛዋ ብረት ታዲያ ሁለት ዓይነት መቀናጆ አላት፤ አንዱ የጠበቀ፣ ሌላው የላላ። ማግኔት እናስጠጋባትና ምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭ ውስጥ ባለው ዓይነት ሞገድ እየነካካን የትኛው እንደጸና፣ የትኛው እንደተፈታ እናያለን።

በቀደም ማግኔቱን ገና ጥቂት ስናስጠጋ ብረቷ ሞገዱን ትውጥ ጀመር፤ ይህ መቀናጆ ሲፈታ የሚታይ ምልክት ነው። ጓደኞቼ ተበላሽታለች፣ እንጣላት አሉ። እኔም አዘንኩ። ማግኔቱን እየጨመርን ብንቀጥል ግን ከዚያ በላይ ሳትውጥ ባለችበት ጸናች። ለካ የተፈታው የላላው ብቻ ኖሯል፤ የጠበቀው ሥራውን አልተወም።

ያን ጊዜ እርስዎና መቀናጆዎ ጋሼ ቢሻው ትዝ አላችሁኝ። በእርስዎ የእርሻ ተራ በሬያቸውን ለአማቻቸው በመስጠታቸው፣ ከእንግዲህ ከእሳቸው ጋር አልቀናጅም ማለትዎን እህቴ ፋና ነግራኛለች። እንዳልማሉም ነግራኛለች፤ ደፍሬ የምጽፈው ለዚያ ነው። ጥፋቱ የእሳቸው ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን አባዬ፣ የላላው ያ አንድ ቀን ነው። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በሬዎቻችሁ በአንድ ቀንበር ውለዋል። እማዬ በታመመችበት ዓመት፣ እርስዎ ሐኪም ቤት ሲያስታምሟት፣ ማሳችንን ማን አረሰልን? አሁንም የእርስዎ በሬ ብቻውን አያርስም፣ የእሳቸውም እንደዚያው። ዝናቡ እስክትታረቁ አይጠብቅም፤ ሁለት ማሳ ጦሙን ሊያድር ነው። ይህ ያስፈራኛል።

በስልክ ስማቸውን ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርክ የለም ይሉኛል። ደብዳቤ ግን ኔትወርክ አይጠፋበትም፤ ፋናም ሳትዘል እንድታነብልዎ አስጠንቅቄያታለሁ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ፋናን ትምህርቷን እንዳትዘነጋ ይምከሩልኝ። ጎረቤታችን እንቁ ወልዳ ከሆነ ማርያም ታሳድግላት። ዳማውን ፈረስ አንገቱን ይሹልኝ።

ለጋሼ ቢሻው ደግሞ የከበረ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። መደወል እችላለሁ፤ አልደውልም። ፋናንም እንዳይልኩብኝ። አደራዬ ነውና ደጃቸው ድረስ ሄደው በአፍዎ ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ሶስና ይኸነው
ድሬስደን፣ ጀርመን
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.